ምሳሩ የሚነሣው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የተጓዘ ሰው ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አልፎ የጌዶን ደጋ ይወጣል። ከጌዶ ቁልቁል ወርዶ ባኮ ከመድረሱ በፊት ደግሞ እጃጂን ያገኛል። እጃጂ የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ ሻይ ቢጤ ቀምሶ፣ ወይም ከአውቶቡሱ ሳይወርድ በመስኮት አይቶ ያልፋታል። የመጫ ኦሮሞ ሸንጎ መቀመጫ የነበረው ኦዳ ቢሲል ግን የሚገኘው በዚሁ በጌዶና በባኮ መካከል ባለው ምድር ነው። ኦዳ የሾላ ዛፍ ነው። በዛፉ ጥላ ሥር ሕግ ይታወጅ፣ ክርክር ይሰማ፣ ሥልጣንም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ብዙዎቻችን በየቡና ቤቱ የምናነሣው፣ ግን እምብዛም እስከ ሥሩ ያልቆፈርነው ነው። ሕዝብን የሚመራ ሰው በግል ጠባዩ ምን ዓይነት ሰው ይሁን? ይህንን የመጠየቅ መብት ያለውስ ማን ነው? የሚጠየቀውስ መቼ ነው? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

አባቶቻችን ስለ ሹመት የተረቷቸው ሦስት ተረቶች አብረው ሲታዩ አንድ ታሪክ ይናገራሉ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ገዥ በሥልጣን ላይ ሳለ ስለማይነካ መሆኑን ይነግረናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የማይነካ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይነግረናል። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ደግሞ መጨረሻውን ይነግረናል። የእኔ ክርክር ከዚህ ሦስተኛ ተረት ይነሣል። በአገራችን የሹመኛ ሥነ ምግባር መለኪያ ጠፍቶ አያውቅም። መለኪያው የሚወጣው ግን ሹመኛው ከወደቀ በኋላ ስለሆነ፣ ከመለኪያነት ይልቅ መምቻ ሆኖ ኖሯል።

እስቲ ከኦዳው ጥላ ሥር እንጀምር። መጫዎች በዱከም አቅራቢያ ካለው ከኦዳ ነቤ ተለይተው በኦዳ ቢሲል የራሳቸውን ሸንጎ ያቆሙት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የኦሮሞ አፈ ታሪክ በዚያ ስለተደነገገው ሕግ ሲያነሣ የመኮ ቢሊን ስም በሕግ አውጪነት ይጠራል። የዘመኑን የጽሑፍ ምስክርነት ለሚሻ ደግሞ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የጻፉት መነኩሴ አባ ባሕርይ አሉለት። አባ ባሕርይ የኦሮሞ ወዳጅ አልነበሩም፤ አገራቸው በጦርነቱ የተጎዳባቸው ሰው ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ኦሮሞዎች እንደ ሌላው ሕዝብ ንጉሥ እንደሌላቸው፣ ለሉባ ስምንት ዓመት እንደሚታዘዙ፣ ስምንቱ ዓመት ሲፈጸም ቀዳሚው ለቆ ሌላ ሉባ እንደሚተካ መዝግበዋል። ወዳጅ ያልሆነ ሰው የሰጠው ምስክርነት ክብደቱ የበለጠ ነው።

የመጫው ሥርዓት ቀድሞ የተዳከመ በመሆኑ፣ ገዳ የመሪን ጠባይ እንዴት ይመዝን እንደነበር በዝርዝር ለማወቅ ሥርዓቱ ወደ ኖረበት ወደ ቦረና መሻገር ያስፈልጋል። በዚያ ያጠኑት ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ2000 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ለእኛ ጉዳይ እጅግ የሚጠቅሙ ነገሮችን አሳይተዋል። መሪዎቹ የሚመረጡት በትረ ሥልጣኑን ከመጨበጣቸው ከዓመታት በፊት ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አነጋገራቸው፣ ትዕግሥታቸው፣ የቤታቸው አያያዝና ፍርዳቸው በሕዝብ ዓይን ሥር ይፈተናል። ሥልጣን ከያዙም በኋላ በዘመናቸው አጋማሽ ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ይሰበሰባል። ጉባኤው ሕግን ያድሳል፣ በሥልጣን ላይ ያሉትንም ይገመግማል። ከኃላፊነቱ የጎደለ መሪ ቢገኝ «ቡቂሱ» በተባለ ሥርዓት ከሥልጣኑ ሊያወርደው ይችላል። ቡቂሱ ማለት መንቀል ማለት ነው።

ቃሉን ልብ በሉልኝ። የሚነቀለው የቆመ ነገር ነው። የወደቀውን ማንም አይነቅለውም፤ ይፈልጠዋል እንጂ።

ይህን ስል የገዳን ዘመን እንከን የለሽ አድርጌ ለመሳል አይደለም። ሴቶች በሥልጣን ደረጃዎቹ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም፤ የሚጠብቃቸው የሲንቄ ሥርዓት ቢኖርም ከሸንጎው ውጭ ነበር። የእጅ ባለሙያዎችና በወረራ የተጠቃለሉ ወገኖችም በእኩልነት የሚታዩበት ሁልጊዜ አልነበረም። ፍሬ ነገሩ ሌላ ነው። ሥርዓቱ ሰውን ጥሩ ስለሆነ አላመነውም። ጥሩ ሆኖ እንደማይቆይ ገምቶ ቀን ቆረጠለት፤ ሰፉ የተባለውን የግብረ ገብ ሥርዓትም በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ሳይተው ጉባኤና ቀጠሮ ሰጠው።

በሰሜኑና በመካከለኛው የክርስቲያን መንግሥትስ? መለኪያው እዚያም ነበር። ፍትሐ ነገሥት ስለ ነገሥታት በሚናገርበት 44ኛ አንቀጹ፣ የኦሪት ዘዳግምን ቃል ተከትሎ፣ ንጉሥ ሚስት እንዳያበዛ፣ ወርቅና ብር ከልክ በላይ እንዳያከማች፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ ያዝዛል። ከዚህ የጠራ የሥነ ምግባር ደንብ የት ይገኛል? ነገር ግን ንጉሡ ደንቡን ቢጥስ ማን፣ በምን ቀን፣ በየትኛው ሸንጎ እንደሚጠይቀው የተቆረጠ ነገር የለም። የቀረው የመነኮሳት ድፍረት ብቻ ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዓምደ ጽዮንን በጋብቻው ምክንያት የገሠጹት እነ አባ አኖሬዎስ ምን እንደደረሰባቸው ገድላቸው ይተርካል፤ ግርፋትና ስደት። ደንቡ በመጽሐፍ፣ አለንጋው በንጉሡ እጅ ነበር።

ከዚያ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይተን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. እንደርሳለን። ያ የመስቀል ዕለት አንድ የኢትዮጵያ ገዥ በግል ጠባዩና በእምነቱ ተከስሶ ከሥልጣን የወረደበት ቀን ነው። በልጅ ኢያሱ ላይ የቀረበው ክስ ሃይማኖቱን ለውጧል፣ ሚስት አብዝቷል፣ የመንግሥትን ሥራ ጥሎ በየጠረፉ ይዞራል የሚል ነበር። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቷቸው። ኢያሱ በዚያ ሰዓት በሐረርጌ ነበሩ፤ ለክሱ መልስ የሚሰጡበት ሸንጎ አልተዘጋጀም።

አሁን ቀኖቹን እንይ። ኢያሱ ከራስ ተሰማ ሞት በኋላ፣ ከ1903 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አገሪቱን በተግባር ይመሩ ነበር። ጋብቻቸው፣ ጉዟቸው፣ ከእስላም ወገኖቻቸው ጋር ያላቸው ወዳጅነት በ1909 መስከረም በድንገት የተገለጠ ምሥጢር አልነበረም። መኳንንቱ ዓመታቱን ሁሉ አይተው ዝም ብለዋል። ታዲያ ምን ተለወጠ? ነሐሴ 1908 ላይ ደጃዝማች ተፈሪ ከሐረር ግዛታቸው ተነሡ፤ በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች ኢያሱ በዓለም ጦርነቱ ወደ ቱርክና ጀርመን ያዘነበሉ መሆናቸውን ጠርጥረው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ የሸዋ መኳንንት የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ቤት በላያቸው እንዳይሆን ሰጉ። ሥጋቱ የፖለቲካ ነበር፤ የለበሰው ልብስ የሥነ ምግባር ነበር። የጦር ሚኒስትሩ የጨቦው ተወላጅ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የሸዋን ጦር መርተው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ድል ሲያደርጉ ክርክሩ በጥይት ተዘጋ። ኢያሱ ጥፋት አልነበረባቸውም ማለቴ አይደለም። ጥፋታቸው የተመዘነው ግን መጣል ካስፈለገ በኋላ ነው።

ይኸው መልክ በዘመናችን በተደጋጋሚ ታይቷል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ፊልም በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቼ አይረሱትም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ከንጉሠ ነገሥቱ ውሾች ምስል ጋር ተሰካክቶ ቀረበ። በማግሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወረዱ። የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ መሸሸጉ እውነተኛ ወንጀል ነበር። ይህንኑ የሚመረምር ኮሚሽንም ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን እየጠራ ይጠይቅ ነበር። ግን ምርመራው ፍርድ ላይ ሳይደርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከተገደሉት ጋር የሥነ ምግባር ጥያቄውም አብሮ ተቀበረ፤ ማን ምን እንዳወቀ፣ ማን ምን እንደደበቀ በሸንጎ ሳይለይ ቀረ። ውጤቱን ለማየት አሥር ዓመት ብቻ በቂ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ እንደገና ሲራቡ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በከፍተኛ ወጪ እያከበረ ረሃቡን ሸሸገ። ንጉሡን የጣለበትን ኃጢአት ራሱ ደገመው። ይህን የሚጠይቀው አካል ባለመኖሩ ፊልም የሚያሳየው ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ ተቀመጠ።

ከ1983 በኋላስ? በጥቅምት 1989 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩና የመከላከያ ሚኒስትሩ ታምራት ላይኔ ከሥልጣን ተነሡ። በፓርላማ ፊት ቀርበው ጥፋታቸውን ሲናገሩ አገር ሰማ። በ1992 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በታኅሣሥ 2001 ተፈቱ። በ1993 ደግሞ የሕወሓት አመራር ለሁለት ከተሰነጠቀ ከጥቂት ወራት በኋላ የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ ታሳሪዎች አንዱ በክፍፍሉ የተሸነፈው ወገን አባል የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ሆኑ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ስታዝ ከፍርድ ቤቱ ደጅ እንደገና ተያዙ። በሙስና የተከሰሰ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 239/1993ም ወዲያው ወጣ። የክሱ እውነትነት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ሰውየው በአመራሩ ውስጥ ተስማምቶ በተቀመጠባቸው ዓመታት ሁሉ ያልተጠየቀው ጥያቄ በሸንጎ በተሸነፈ ማግሥት ተጠየቀ። ሥነ ምግባር የሚባለው ነገር ከፓርቲ ሽንፈት ጋር እንዲህ ገጥሞ ሲመጣ ሕዝብ ምን ይማራል? «አትስረቅ» የሚለውን አይማርም፤ «አትሸነፍ» የሚለውን ይማራል።

በኅዳር 2011 የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ሲታዩ ብዙ ሰው ደስ አለው። በዚያ ድርጅት ስም ስለባከነው የሕዝብ ሀብት ቁጣው ከባዶ የመጣ አልነበረም። ግን እንደ 1967ቱ ሁሉ ፊልሙ ከፍርዱ ቀድሟል። ምሳሩ አዲስ ነው፤ ልማዱ የቆየ ነው።

ይህ ሁሉ ከእጃጂና ከአምቦ መንገድ የራቀ እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 2006 በአምቦ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ደግሞ በጊንጪ ወጣቱ አደባባይ ሲወጣ ከጥያቄዎቹ አንዱ በአጭር ቃል የሹመኛ ጠባይ ነበር፤ የሕዝብን መሬት ማን፣ ለማን፣ በምን ዋጋ ሰጠ? ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ ራሱ «ጥልቅ ተሃድሶ» ብሎ ሹመኞቹን ኪራይ ሰብሳቢዎች እያለ መገሠጽ ጀመረ። በቆሙበት ሰዓት ቢጠየቁ ኖሮ ስንት ልጅ በሕይወት በኖረ!

ወደ ኦዳ ቢሲል ልመለስ፤ የእርሱም ታሪክ ውድቀት አለውና። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጊቤ ወንዝና ከዚያ በስተምዕራብ የነበሩ የጦር መሪዎች፣ አባ ዱላዎች፣ በንግድና በምርኮ እየበለጸጉ ሲሄዱ ስምንት ዓመታቸው ሲሞላ ሥልጣናቸውን ማስረከብ ተዉ። ራሳቸውን «ሞቲ» አሰኙ፤ ንጉሥ ማለት ነው። ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ እንዲሁ ተነሡ። በነቀምቴ በኩል የሌቃው በከሬ ጎዳና ቤት ጸና። በምኒልክ ዘመን ደግሞ ከማዕከል የሚሾም ገዥ ሲመጣ ሸንጎው ከናካቴው ጥርሱን አጣ። ገዳን መጀመሪያ የጣለው እንግዲህ የውጭ ጠላት አልነበረም። የተቆረጠለትን ቀን ያለፈና ማንም ያልነቀለው የራሱ ጀግና ነበር። ማኅበረሰቡ ጀግናውን ስለወደደው አንዴ ማለፍ ፈቀደለት፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ አልተገኘም።

ጎረቤት አፍሪካ ይህንን የተረዳ አንድ ሰው ነበራት። ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሩሻ ባወጀው ሰነድ የፓርቲና የመንግሥት መሪ የኩባንያ አክሲዮን እንዳይኖረው፣ ሁለት ደመወዝ እንዳይበላ፣ ቤት እንዳያከራይ ደነገገ። የኢኮኖሚ ፖሊሲው ብዙ ኪሳራ አስከትሏል፤ የመሪዎች ደንቡ ግን የወጣው መሪዎቹ በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው፣ ደንቡም መጀመሪያ የያዘው አውጪዎቹን ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1985 በፈቃዱ ወረደ። ተተኪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1991 በዛንዚባር ደንቡን ሲያላሉት ያደረጉትን በግልጽ ያውቁ ነበር፤ የተጻፈ ደንብ ሲጣስ ቢያንስ መጣሱ ይታያል።

እኛም የተጻፈ ነገር አናጣም። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ሹመኛ ሥራ ሲይዝ ሀብቱን እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ይህ በመንፈሱ የቆመን ዛፍ የሚለካ ሕግ ነው። ግን የጎረቤታችንን ሹመኛ መዝገብ አሳዩኝ ብለን ስንቶቻችን ደብዳቤ ጽፈናል? መዝገብ ጠያቂ ከሌለው ሳጥን ነው።

በመጨረሻ በዚያው በእጃጂ መንገድ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ አንድ ሰው ላንሣ። የደምቢ ዶሎው ተወላጅ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከኢሕአዴግ አመራር ጋር ከተቃቃሩ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 255/1994 የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማ ጥቅሙን እንደሚያጣ ደነገገ። እርሳቸው በ1997 በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ ጥቅማ ጥቅሙም ቀረባቸው። በአዲስ አበባ ጎዳና እንደ ማንኛውም ሰው ታክሲ ሲሳፈሩ ይታዩ ነበር። ነጋሶ ቅዱስ አልነበሩም፤ ለስድስት ዓመታት የዚያው ሥርዓት ፊት ሆነው አገልግለዋል፣ ለዚያም ሊጠየቁ ይገባል። ግን ሲሻሩ የማይቆጫቸው ሰው መሆናቸውን አሳዩ። ተረቱን በኑሯቸው አፈረሱት።

አንድ ሰው ተረት ማፍረሱ ግን ለአገር አይበቃም። ደግ ሰው እስኪወለድ መጠበቅም መንግሥት አይሆንም። የሚያስፈልገው ለሹመኛ ቀን መቁረጥ፣ በዘመኑ አጋማሽ ፊት ለፊት የሚጠየቅበትን ጉባኤ ማክበር፣ የምንወደውንም የምንጠላውንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። የእኛ ወገን የሆነው ሲሰርቅ «ጊዜው አይደለም» እንላለን፤ ሲወድቅ ግን ከሁሉ ቀድመን ምሳር እናነሣለን። ያን ጊዜ ዛፉ ግንድ ሆኗል፤ የሚጠቀመውም ማገዶ ፈላጊው ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የወደቀ ሹመኛ በቴሌቪዥን ሲታይ ከመፍረድህ በፊት ራስህን አንድ ጥያቄ ጠይቅ። ይህ ሰው ቆሞ ሳለ እኔ ምን ብዬ ነበር?

ቸር ይግጠመን።